ከላዩ ያለውን አንብቢልኝ

በጎረቤቴ በእማማ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ሁለት ፍሬሞች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። አንደኛው የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ነው። ሁለተኛውን ወስጄ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጠርዙ ወርቃማ ነው። መሃሉ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» ይላል። ኤርምያስ 29፥11። ለ2016 እንቁጣጣሽ ነበር የገዛሁት። ባለ ሱቁ ራሱ «በደንብ የሚሄደው ይኼኛው ነው» ብሎ መርጦ አወረደልኝ።

ያ ፍሬም ከዚያ ወዲህ ሰላም ነሥቶኛል። ጥቅሱ ተሳስቶ አይደለም። ቃል በቃል ትክክል ነው። ያሳሰበኝ እኔ ያደረግሁበት ነገር ነው።

የእማማ ልጅ የሄደው በ2009 ዓ.ም. ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ። እንዴት እንደሚኬድ ለሀዋሳ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የሞያሌው መንገድ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ከየሰፈሩ አንድ ሁለት ልጅ በዚያ መንገድ ሄዷል። ከናይሮቢ ደወለ። ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደወለና «ደህና ነኝ እማ፣ ሌላ ሲም አውጥቼ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም። አለ የሚል ወሬም አልመጣም።

መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። እድሩ ድንኳን አልተከለም። ሰውም ምን ብሎ እንደሚያጽናናቸው ግራ ይገባዋል። ለሞተበት «እግዜር ያጥናዎት» ይባላል። ለታመመ «እግዜር ይማርልን» ይባላል። ለእንዲህ ያለው ሐዘን ግን የተዘጋጀ ቃል የለንም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞዎት እማማ፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይላል። ቡናውን ይጠጣል። ተነሥቶ ይሄዳል።

እሳቸው የገብርኤል ሰው ናቸው። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ነጠላቸውን አጣፍተው በጠዋት ይወጣሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ። ቡናችን ግን አንድ ነው። ፍሬሙን ይዤ በሄድኩበት ቀን ቡናው ካለቀ በኋላ «ልጸልይልዎት?» አልኳቸው። እጄን ያዙ። ጸለይኩ። ጸሎቱ መሃል ላይ ደርሼ፣ አፌ ሞቅ ብሎት፣ እንዲህ አልኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ በዚህ በአዲሱ ዓመት ልጃቸውን በዓይናቸው ያያሉ!»

«አሜን» አሉ። እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙት። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

እኔ ከዚያ ቤት ልቤ ቀሎኝ ወጣሁ። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የ2016 ዓመት

እኔ የተናገርኩትን በሳምንቱ ረሳሁት። እሳቸው አልረሱትም።

መስከረም ሳያልቅ አዲስ ብርድ ልብስ ገዙ። ወፍራም፣ ቡናማ፣ አንበሳ ያለበት። «ከመንገድ የመጣ ሰው ይበርደዋል» አሉኝ። ከነላስቲኩ አልጋው ላይ አኖሩት። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልካቸው እንዳይዘጋ ይጨነቁ ነበርና ከእቁባቸው ላይ ቀንሰው ፓወር ባንክ ገዙ። አጠቃቀሙን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ለገና «ምናልባት ለበዓሉ ይደርስ ይሆናል» አሉ። ለፋሲካም እንዲሁ። ያን ጊዜ እንኳን ነገሩ አልገባኝም። በእምነት እየጠበቁ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከቤታቸው ጀርባ ያላለቀ ሰርቪስ አለ። ልጁ ከመሄዱ በፊት በራሱ እጅ የጀመረው ነው። ብሎኬቱ መስኮቱ ግርጌ ላይ ደርሶ ቆሟል። በየማዕዘኑ የቆመው ፌሮ ዝጓል። ውስጡ ሣር በቅሎበት ዶሮዎች ይጭሩበታል። ስንት ሰው «ይጨርሱትና ያከራዩት፣ ለእርጅናዎ ይሆናል» ብሏቸዋል። መልሳቸው አንድ ነው፦ «ራሱ መጥቶ ይጨርሰዋል።» በ2016 ደግሞ ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የተለየ ብርሃን ነበረ። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ ብርሃን ነው። የለኮስኩት እኔ ነኝ፤ የለኮስኩበት ዘይት ግን የእኔ አልነበረም።

ዓመቱ ዞረ። ልጁ አልመጣም።

ሰባ?

እንቁጣጣሽ 2017። ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። እጣኑ ይጨሳል። ጀበናው ከሰል ላይ ነው። እንኳን አደረሰዎት ተባብለን ተቀመጥን። ብርድ ልብሱ በክፍቱ በር በኩል ይታየኛል። ላስቲኩ አልተቀደደም።

እማማ ተነሡና ከቁም ሣጥን ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የባለቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ትልቁ። እሳቸው ዓይናቸው ላይ ሞራ ስላለ ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ጭኔ ላይ አኖሩልኝና በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

«ያቺን ጥቅስ ከመጽሐፉ አውጪና አንብቢልኝ።»

አወጣሁ። አነበብኩ፦ «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ፤ ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም።»

«ከላዩ ያለውንስ አንብቢልኝ።»

ከላዩ ምን እንዳለ በዚያች ደቂቃ አላስታውስም ነበር። ጥቅሱን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ዘምሬዋለሁ፣ በካርድ ጽፌ ሰጥቻለሁ፣ በቴሌግራም ለስንት ሰው ልኬዋለሁ። ከላዩ ያለውን ቁጥር ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጣቴን ወደ ላይ አነሣሁና አነበብኩ፦ «ሰባው ዓመት በባቢሎን በተፈጸመ ጊዜ እጎበኛችኋለሁ…»

«ስንት?»

«ሰባ ዓመት፣ እማማ።»

«አንድ ዓመት አይደለም?»

ጀበናው ገነፈለ። ቡናው ከሰሉ ላይ ፈሰሰና ጭሱ ሽቅብ ወጣ። እማማ ጀበና ሲገነፍልባቸው አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። እኔ ነኝ ተነሥቼ ያወረድኩት። ስመለስ ዓይናቸው ፍሬሙ ላይ ነው።

«ይኼንን ለምን ከላይ አልጻፉበትም?»

ምን ልበል? ፍሬም ቤቱ አሳጥሮት ነው ልበል? ያሳጠረው ፍሬም ቤቱ ብቻ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። «በዚህ ዓመት» ያልኩት እኔ ነኝ። የእግዚአብሔርን ሰባ ዓመት ወደ አንድ ዓመት ያወረድኩት በገዛ አፌ ነው። «አላውቅም እማማ፤ እኔም በደንብ ሳላነበው ነው የሰጠሁዎት» አልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። መልስ አልሰጡኝም፤ የተቆጡ ግን አይመስሉም ነበር። ሒሳብ የያዙ ነበር የሚመስሉት።

«እኔ ስልሳ ስምንት ሞልቶኛል» አሉ ቆይተው። «ይኼ ቃል የተነገራቸው ሰዎች ታዲያ፣ አላዩትም ማለት ነው?»

«አብዛኞቹ አላዩትም።»

«እስከዚያስ ምን አድርጉ አላቸው?»

ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ተመለስኩ። ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን የተላከ ደብዳቤ መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ አነበብኩ፦ «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፥ አታክልትም ተክላችሁ ፍሬዋን ብሉ።»

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ልጅ ውለዱ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ተባዙ እንጂ ጥቂቶች አትሁኑ የሚለውን አነበብኩ። ማርከው የወሰዷችሁን ከተማ ሰላሟን ፈልጉ፣ ጸልዩላት የሚለውንም አነበብኩ። እማማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። ሲያበቃ እንዲህ አሉ፦

«ይኼ እኮ ለሚመለስ ሰው የተጻፈ አይደለም። ለሚቀመጥ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ጀበና ተጣደ። ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ሁለቱ ነቢያት

ያን ማታ አልተኛሁም። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩና ምዕራፍ 28ን አነበብኩ። እዚያ ራሴን አገኘሁት።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ መኳንንቱን፣ ጠራቢዎችንና ብረት ሠራተኞችን አግዞ ወስዷል። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ነው። ቤተ መቅደሱ ገና አልፈረሰም። ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ አድርጎ ለባቢሎን ተገዙ ይላል። ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ተነሣ። «በሁለት ዓመት ውስጥ» አለ። ዕቃው ይመለሳል፣ ኢኮንያን ይመለሳል፣ ምርኮኛው ሁሉ ይመለሳል። ከዚያ ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው።

ሕዝቡ ምን ያህል ደስ እንዳለው ገምቱ። ልጁ የተወሰደበት አባት እዚያ ቆሟል። ባሏ የተወሰደባት ሴት እዚያ ቆማለች። ሁለት ዓመት! ብርድ ልብስ የሚገዛ ሰው በዚያ ቀን አይጠፋም።

ለዓመታት ይህን ምዕራፍ ሳነብ ሐናንያ የሆነ ክፉ አታላይ ሆኖ ነበር የሚታየኝ። ጽሑፉ ግን ገንዘብ ተቀበለ አይልም። ሰው የሚወደውን ተናገረ። ቀን ቆረጠ። «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ማኅተም አተመበት። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከኤርምያስ መጽሐፍ እየጠቀስኩ የሐናንያን ትንቢት ነበር የተናገርኩት። ጥቅሱ የኤርምያስ፣ ቀኑ የሐናንያ።

ከሁሉ በላይ ግን ያስቆመኝ የኤርምያስ መልስ ነው። ኤርምያስ በመጀመሪያ ያለው «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው። ይህን ያለው አሽሟጥጦ አይመስለኝም። እሱም የተማረኩት እንዲመለሱ ይፈልጋል። ወገኖቹ ናቸው። የእውነት ነቢይ መሆን ማለት ተስፋን መጥላት አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ቀንበሩ ከአንገቱ ተወስዶ ሲሰበር ምን አደረገ? ጽሑፉ በአጭሩ ይነግረናል። ኤርምያስ መንገዱን ሄደ። አልተከራከረም። ቃል እስኪመጣለት ድረስ ዝም አለ። ቃሉ የመጣው በኋላ ነው፤ የእንጨቱን ቀንበር ሰብረሃል፣ በእሱ ፋንታ የብረት ቀንበር ታደርጋለህ የሚለው።

የብረት ቀንበር። የውሸት ተስፋ ሲሰበር የሚተወው ክብደት ከመጀመሪያው ይብሳል። ይህን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልገኝም። አንድ ዓመት ሙሉ በላስቲኩ የተቀመጠ ብርድ ልብስ አይቻለሁ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ራሴን ደጋግሜ ጠየቅኩ። እሳቸውን ለማጽናናት ነው? አዎ፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ሌላም ነገር ነበረበት። እዚያ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ይከብደኝ ነበር። ያ ፎቶ እያየኝ፣ መልስ የሌለው ነገር ፊቴ ተዘርግቶ፣ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ጥቅሱ በር ሆነልኝ። በእሱ በኩል ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን የራሴን እህል አልነበረም፤ ለቀማውንም የተዉኩት ለእሳቸው ነው።

ደብዳቤው የተጻፈላቸው

ከተማችን ጥቅስ የሞላባት ናት። ባጃጁ ላይ አለ፣ ፀጉር ቤቱ መስታወት ላይ አለ፣ ሱቁ በር ላይ አለ። ለአዲስ ዓመት ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ የዓመቱ ቃል ይወጣል። ይህን አልንቅም። ሥራ ባጣሁበት ጊዜ አንድ ባጃጅ ኋላ የተለጠፈ ቃል ቀጥ አድርጎ አቁሞኝ ያውቃል። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ነበር የሚለው። እዚያም ከላዩ ያለውን ቁጥር ሳነብ፣ ጳውሎስ የሚያወራው ስለ መጥገብና መራብ፣ ስለ መብዛትና መጉደል መሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እስር ቤት ሆኖ ነው የጻፈው። «ሁሉን እችላለሁ» ሲል ረሃቡንም እችላለሁ ማለቱ ነው። ያኔ ባውቀው ኖሮ የበለጠ ይጠቅመኝ ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ የጎደለኝ ሥራ ብቻ አልነበረም።

ወደ ኤርምያስ ልመለስ። አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ነገር አይደብቅም። «ለአንተ» አይልም፣ «ለአንቺ» አይልም። «ለእናንተ» ነው የሚለው። እኔ ግን ለእማማ ስሰጥ «ለእርስዎ» አድርጌ ነበር የሰጠሁት። ለአንድ ሕዝብ የተነገረውን፣ ትውልድ የሚያሻግረውን ቃል፣ ወስጄ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ቀጠሮ አደረግሁት።

እውነቱን ለመናገር ይህ ምዕራፍ ስለ እማማ ልጅ አንድም ቃል አይናገርም። ይመጣል አይልም። አይመጣም አይልም። ይህን መቀበል ከብዶኝ ነበር። ታዲያ ምን ይነግረናል? እኔ የገባኝ ይህ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ከዕድሜያቸው የሚረዝም ሰዎች ነበሩ። እግዚአብሔር ለእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ላከ። ልትመለሱ አይደለምና ተዉት አላላቸውም። ነገ ትመለሳላችሁም አላላቸውም። ለእኔ የሚደንቀኝ «አሳቤ የሰላም ነው» የሚለው ቃል የተነገረው ፍጻሜውን ለማያዩ ሰዎች ጭምር መሆኑ ነው። ፍጻሜውን ባያዩም የሰላም አሳብ ውስጥ ናቸው።

ደብዳቤውን ያልወደዱም ነበሩ። ሸማያ የሚባል ሰው ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም መልሶ ጻፈ። ኤርምያስን ለምን ዝም ትሉታላችሁ፣ ዘመኑ ረጅም ነው እኮ ብሎናል አለ። እሰሩልን ነው ነገሩ። ሸማያን አልፈርድበትም። ዘመኑ ረጅም ነው መባል ያስቆጣል። በተለይ ሻንጣውን ሳይፈታ ለሚጠብቅ ሰው።

በማግስቱ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድኩ። ሐይቁ ዳር ስቀመጥ መዝሙር 137 ይታወሰኛል፤ «በባቢሎን ወንዞች አጠገብ በዚያ ተቀመጥን፤ ጽዮንንም ባሰብናት ጊዜ አለቀስን» የሚለው። መሰንቆአቸውን ዛፍ ላይ ሰቅለዋል። አባ ኮዳዎቹ ውኃው ዳር እንደ ሽማግሌ ቆመዋል። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ያራግፋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙሩንና ደብዳቤውን አብሬ አሰብኳቸው። የተጻፉት ለአንድ ዓይነት ሰዎች ነው። መዝሙሩ ማልቀስን አይከለክልም። ደብዳቤው ቤት ሥሩ ይላል። ማልቀሱ ቤት መሥራቱን አልከለከለም፤ ቤት መሥራቱም ጽዮንን መርሳት አልሆነም። እማማ ሰርቪሱን ያልነኩት ከጨረሱት ልጃቸውን የረሱት ስለሚመስላቸው እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ሰባት ዓመት አብረን ቡና ጠጥተን አልገባኝም ነበር።

ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ቂሮስ ባቢሎንን ከያዘ በኋላ አይሁድ እንዲመለሱ ሲያውጅ፣ ተመላሾቹን ከመሩት አንዱ ዘሩባቤል ነበር። የኢኮንያን የልጅ ልጅ ነው። ስሙን ብዙዎች «የባቢሎን ዘር» ብለው ይፈቱታል። አያቱ የተማረከ ንጉሥ፣ እሱ የምርኮ ልጅ። የሁለተኛውን ቤተ መቅደስ መሠረት ያኖረው ይህ ሰው ነው። በባቢሎን ማንም ባያገባ፣ ማንም ባይወልድ፣ ሁሉም ሻንጣውን ታቅፎ በሩን እያየ ቢቀመጥ፣ ቀኑ ሲደርስ ማን ይመለስ ነበር? የመመለሱ ቃል የተፈጸመው «ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ» የሚለው ቃል ስለተፈጸመ ነው። ዕዝራ ላይ እንደተጻፈው መሠረቱ ሲጣል የቀድሞውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ አለቀሱ። ብዙዎች ደግሞ በደስታ እልል አሉ። የልቅሶው ድምፅና የደስታው ድምፅ አልለይ አለ።

ብሎኬቱ

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት የአካፋ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሲሚንቶ ሲቦካ የሚያወጣው ያ ድምፅ። በመስኮት ሳይ እማማ ግቢ ውስጥ ግንበኛ ቆሟል። እማማ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እቁብ ወጥቶላቸው ነበር።

ሮጬ ሄድኩ። ምንም አልጠየቅኳቸውም። ግንበኛው የድሮውን ብሎኬት በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ይፈትሸዋል። «ይይዛል» አለ። «ልጁ በደንብ ነው የደረደረው።» እማማ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ግንበኛው ምን እንዳጠፋ አላወቀም። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ያን ቀን አይቼዋለሁ። ግን ግንበኛውን አላስቆሙትም። ልጁ ካቆመበት ረድፍ ላይ አዲሱ ብሎኬት ተጀመረ። አሁንም መስመሩ ይታያል፤ ከታች ያለው የጠቆረ፣ ከላይ ያለው ነጣ ያለ። እንዲለሰን አልፈለጉም። «እንዲህ ይቆይ» አሉ።

ቆርቆሮው ከገና በፊት ተመታ። ሁለት ልጆች ገቡበት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ፣ ከገጠር የመጡ። አንዷ ገና ሃያ አልሞላትም። ለሊት ተረኛ ስትሆን እማማ በር ሲከፈት ካልሰሙ አይተኙም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ያዛትና ያን ብርድ ልብስ ላስቲኩን ቀድደው አለበሷት። ይህን የነገረችኝ ልጅቱ ናት። «አዲስ ነበር እኮ» አለችኝ። ለማን እንደተገዛ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም።

የአቮካዶ ችግኝም ተክለዋል፤ ከሰርቪሱ ጎን። ሻጩ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል እንዳላቸው ነገሩኝ። «ከሰባው ይሻላል» አሉና ሳቁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሲስቁ ከሰማሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ፍሬሙን ላወርድላቸው ጠየቅኳቸው። እንቢ አሉ። «ቃሉ ምን አጠፋ? የጎደለውን ጨምሪበት» አሉኝ። ስለዚህ ከደብተር ሁለት ገጽ ቀደድኩና ከቁጥር 4 እስከ 10 ድረስ በእጄ ጻፍኩ። ጎላ አድርጌ፣ ዓይናቸው እንዲያየው። ወረቀቱ ከፍሬሙ ስለሚበልጥ መስታወቱ ውስጥ አልገባም። ከላዩ በፕላስተር ለጠፍኩት። አሁን ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን የተንጋደደ ጽሑፍ ነው፤ ወርቃማው ከሱ ሥር ነው።

አሁንም ረቡዕ ረቡዕ እሄዳለሁ። እጸልይላቸዋለሁ። ልጁ እንዲመጣ እለምናለሁ፤ ኤርምያስ «አሜን፣ እንዲህ ያድርግ» ያለውን ያህል እለምናለሁ። ቀን ግን አልጠራም።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ቡና ሊቀዳ ሲል ስልካቸው ጠራ። የማያውቁት ቁጥር ነው። እማማ ሲኒውን አስቀምጠው ተነሡ። እንደ ወትሮው ስልኩን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ፤ ኔትወርኩ እዚያ ይሻላል። ድሮ ቢሆን «አይዞዎት፣ እሱ ይሆናል» እል ነበር። ጀበናውን ከእሳቱ አወረድኩና እስኪመለሱ ጠበቅኳቸው።